አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ፦ ለአለርጂ ሰሞን ከጣና ዳር

መስከረም መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ አስነጠሰኝ። «ይማርህ» አለ ሾፌሩ። «ያኑርህ» አልኩት። ደገመኝ። ሠለሰኝ። ሰባተኛው ላይ በመስታወቱ አየኝና «ወንድሜ፣ አንድ ላይ ልጠቅልልልህ፤ እስክትወርድ ድረስ ይማርህ» አለኝ።

እናንተም እንደኔ አበባው ሲፈነዳ አፍንጫችሁ አብሮ የሚፈነዳ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። አለርጂውን አላጠፋልኝም። ግን ሌሊት በአፌ እየተነፈስኩ ማደር ቀርቶልኛል፤ ክኒንም ቀንሻለሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ቀልድ የለም፤ ውሃው ላይና ጨው ልኬቱ ላይ። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ፣ አለርጂ ነው ወይስ ጉንፋን?

እኛ አገር አፍንጫ ከተደፈነ ሁሉም «ሳይነስ» ነው። እናቴ ደግሞ ሁሉም «ብርድ» ነው ትላለች። አለርጂ መለያ አለው። አፍንጫ፣ ዓይን፣ አንዳንዴም ላንቃ ያሳክካል። ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭንና ንጹህ ነው። ማስነጠሱ በተከታታይ ይመጣል። ትኩሳት የለም። ጉንፋን በሳምንት በአስር ቀን ይለቃል፤ ይሄ ግን ሳሩ እስኪደርቅ ድረስ አብሯችሁ ይከርማል።

ስለ ሳር ካነሳን አደይ አበባን ከክስ ነጻ ላውጣት። ሁሉም ሰው «የአደይ አበባ አለርጂ አለብኝ» ይላል። የአደይ አበባ ብናኝ ግን ከበድ ያለና የሚጣበቅ ነው፤ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሰው ንብና ሌላ ነፍሳት ነው። ነፋስ ይዞት አፍንጫችን ድረስ የሚመጣው በአብዛኛው የሳር ብናኝ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ዳር ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ያብባል፣ ነፋስ ይነካዋል። አደይ አጠገቡ ቆማ ስለምታምር ብቻ ነው የምትወቀሰው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአውድማው እብቅ አለ። ከዚያ በጋው ይገፋና አቧራው ይረከባል። አቧራው ባታለረጁበት እንኳ አፍንጫ ያቆስላል።

ለምን ይሠራል?

የአፍንጫችን ውስጥ ስስ ሽፋን አለው። ብናኙ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ሰውነት ጠላት የመጣ ይመስለዋል፣ ሂስታሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ማሳከኩ፣ ማበጡ፣ ንፍጡ ሁሉ የዚያ ውጤት ነው። የጨው ውሃ ብናኙን ከነንፍጡ ጠርጎ ያወጣል። የደረቀውንም ያለሰልሳል።

«ሳይነስ ማጠብ» ይባላል እንጂ በዋናነት የሚታጠበው አፍንጫው ነው። ሳይነስ የሚባሉት በጉንጭ፣ በግንባር፣ በዓይኖች መሃልና ከዚያ ጀርባ ያሉ የአየር ክፍተቶች ናቸው፤ አራት ጥንድ። ወደ አፍንጫ የሚከፈቱት በጠባብ ቀዳዳ ነው። አፍንጫው ሲጸዳና እብጠቱ ሲቀንስ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ የታቆረው ይወርዳል። የግንባር ክብደቱ የሚቀለው ለዚያ ነው።

ውሃው

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የምትጠጡት ውሃ ሁሉ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ሆድ አሲድ አለው፣ ብዙ ነገር ይገድላል። አፍንጫ ያ የለውም። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የሚባል አሜባ አለ። ሞቅ ባለ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ቢጠጡት አያሳምምም። በአፍንጫ በኩል ወደ ላይ ከገባ ግን ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል፤ የያዘው ሰው ደግሞ የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን በቧንቧ ውሃ አጥበው በዚሁ ሞተዋል። በጣም ብርቅ በሽታ ነው፤ ለማስፈራራት አይደለም። ግን መከላከያው ውሃ ማፍላት ብቻ ከሆነ ምን ያሰንፋል?

ስለዚህ የጣና ውሃ በቀጥታ በፍጹም። ቧንቧም በቀጥታ አይሆንም። ውሃ በጠፋ ሰሞን ሮቶ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመው ውሃማ ለአሜባ የተመቸ ቤት ነው። «ጨው ጨምሬበታለሁ እኮ» አይሠራም፤ ለአፍንጫ የሚሆነው ጨው ተሕዋስ የሚገድል መጠን አይደለም። ውሃ አጋርም ለመጠጥ ነው። የታሸገ ውሃ ንጹህ ነው እንጂ ከተሕዋስ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እሱም ይፈላል። መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ «የተጣራ ነው» ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ይሄን ያልኩት የሞከረ ሰው ስለማውቅ ነው።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ውሃው ጥቃቅን አረፋ ማሳየት ሲጀምር ሳይሆን እየተንቦጨቦጨ መፍላት ሲጀምር ሰዓት ያዙ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የተለመደው ምክር ለዝቅተኛ ቦታ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር አካባቢ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ነው። እኛ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብንልም እኔ ሁልጊዜ 3 አፈላለሁ። ጎንደርና ደብረ ታቦር ያላችሁ ግን 3ቱ ግዴታ ነው። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ ይቀዝቅዝ። በጣት ነክታችሁ «በርዷል ወይ» እያላችሁ አትፈትኑ፤ ያፈላችሁት ለምን ሆነና!

ጨው

የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ያለ ጨው ሞክሬዋለሁ። (አዎ፣ ውሃውን አፍልቼ ነበር።) ግንባሬ መሃል ሚጥሚጣ የተበተነብኝ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ተበሳጭቼ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ያ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ዓይኔ ሁሉ አለቀሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰውነታችን ፈሳሽ ራሱ ጨዋማ ነው፤ በ1 ሊትር ወደ 9 ግራም ጨው ያህል። ከዚያ ያነሰ ውሃ ሲገባ የአፍንጫ ሽፋን ውሃውን ይመጥጥና ያብጣል፣ ያቃጥላል። በጣም የበዛ ሲሆን ደግሞ ያደርቃል፣ ያቃጥላል። ልክ ሲሆን ምንም አይሰማችሁም። እውነቴን ነው፣ ምንም።

ልኬቱ ይኸው። ለግማሽ ሊትር፣ ማለትም ለአንድ ትንሽ ሃይላንድ ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ጨው። ለ1 ሊትር አንድ ተኩል። ማንኪያው ተቆልሎ ሳይሆን በቢላ ጀርባ ከጠርዙ እኩል ተደርጎ ነው። የሻይ ማንኪያ ስል 5 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። የቤታችን ማንኪያዎች እኮ አንዱ ለአንዱ አይገጥምም። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ የሽሮፕ ማንኪያ አይጠፋም፤ 5 የሚል ምልክት አለው፣ በሱ ለኩ። ጨው ደቃቅ ይሁን። ፍሬው ሸካራ ከሆነ በሙቀጫ ይደቅ፤ እንዲያው ቢለካ ልኬቱ ይዛባል።

ቤኪንግ ሶዳ ካላችሁ ለግማሽ ሊትር የማንኪያ ሩብ ጨምሩ። ማቃጠሉን ያለዝባል፣ ንፍጡንም ያላላል። ከሌለ ግድ የለም። ብቻ ሶዳው ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን። ሱቅ ላይ «ቤኪንግ» ስትሉ ባለሱቁ ያለውን ነው የሚያወጣላችሁ፤ ጽሑፉን አንብቡ። ፓውደሩ ውስጥ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል።

አዮዲን የሌለው ጨው ይመረጣል ይባላል። ሱቅ የምናገኘው የምግብ ጨው ግን አዮዲን የተጨመረበት ነው። መርዝ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ሊቆጠቁጥ ይችላል እንጂ። እኔ በሱ ነው የምጠቀመው።

ቀምሳችሁ አረጋግጡ። ጨው የበዛበት ሾርባ አይደለም የምትፈልጉት። የእንባችሁን ጣዕም ታውቁት የለ? እሱ ነው።

መለካቱ ለሰለቸው አቋራጭ አለ፤ ፋርማሲ ሄዶ ኖርማል ሳላይን መግዛት። 0.9 ፐርሰንት የጨው ውሃ ነው፣ ከተሕዋስ ነጻ ሆኖ የታሸገ። ግን «ግሉኮስ ስጡኝ» እንዳትሉ። እኛ በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ ግሉኮስ ማለት ለምደናል፤ እውነተኛው ግሉኮስ ስኳር ነው። ከረጢቱ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 የሚለውን ፈልጉ። ከተከፈተ በኋላ ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት። በየቀኑ ለሚታጠብ ሰው ዋጋው ይከብዳል፤ ለመንገድ ግን አሪፍ ነው።

በምን እናፍሰው?

ከሕንድ የመጣ ኔቲ የሚባል ረጅም አፍ ያለው ማሰሮ አለ። ሳየው መጀመሪያ የታወሰኝ ጀበና ነው። ቅርጹ በእርግጥ ይመጣል፤ ግን ጀበናውን ተዉት። ሸክላ ውሃ ይመጥጣል፣ ውስጡ አይታይም፣ አይታጠብም። ደግሞስ ቡናው ምን በደለ?

የሚመቸው ተጨምቆ የሚፈስ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ካልተገኘ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ፣ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘው። በ20ውም ይቻላል፤ ለአንድ ቀዳዳ ስድስቴ መሙላት ነው። ሲሪንጅ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ግድግዳ የምትቀቡ አታስመስሉት።

አሁን እንታጠብ

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጨው የሟሟበትን ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ሙሉና የእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠብ አድርጉ፤ የልጅ ጡጦ እንደሚፈተነው። ሙቀት ቅዝቃዜ ካልተሰማችሁ ልክ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ራስ ያማል፣ ትኩስ ያቃጥላል።

መታጠቢያው ላይ ወይም ሳፋ ላይ ከወገባችሁ ጎንበስ በሉ። ዓይናችሁ የውሃ መውረጃውን ይይ። ራሳችሁን ትንሽ ወደ አንድ ጎን አዘንብሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጠብታ የሚጨምር መስሎት ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ያኔ ውሃው በቀጥታ ጉሮሮ ይገባል፣ ትን ይላል፣ «ሁለተኛ አልሞክርም» ይባላል።

አፋችሁን ክፈቱ። ከዚህ በኋላ የምትተነፍሱት በአፍ ብቻ ነው። አታውሩ፣ አትዋጡ። ውሃው ሲፈስ «ካ… ካ… ካ…» እያላችሁ ቆዩ። ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን «ካ» ስትሉ ላንቃው ከነእንጥሉ ወደ ላይ ይነሳና ወደ ጉሮሮ የሚወስደውን በር ይዘጋል። የመጀመሪያ ቀን እናቴ ከበሩ ውጪ ሆና «አንተ ልጅ፣ ቁራ ሆንክ እንዴ?» ብላኛለች።

የጠርሙሱን ጫፍ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ግጠሙ። ውሃ እንዳያሾልክ ይግጠም እንጂ ወደ ውስጥ አይወሸቅ። አቅጣጫው ወደ መሃለኛው ግድግዳ ሳይሆን በዚያው በኩል ወዳለው ዓይን ውጫዊ ጥግ ይሁን። መሃሉን ከመታችሁት ያማል፣ ሊነስርም ይችላል። አሁን በዝግታ ጨምቁ። ለአንድ አፍታ የሚያስደነግጥ ስሜት አለ፤ ዋና ስንማር ውሃ አፍንጫችን የገባ ጊዜ ያለው ዓይነት። ከዚያ በሌላኛው ቀዳዳ መውረድ ይጀምራል። በአፍ ከወጣም ችግር የለውም፣ ትፉት። ግማሹን፣ 120 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አፍስሱና አቁሙ።

ሙስሊም ጎረቤቴ ሳሳየው በመጀመሪያው ቀን ነው የቻለው። ውዱእ ላይ ውሃ ወደ አፍንጫ ማስገባት ከልጅነቱ የለመደው ነው። እኔ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አፍንጫ ውስጥ ጠልቆ ለሚገባ ውሃ ግን የተፈላው ይሻላል ብዬዋለሁ።

ተናፈጡ፤ በቀስታ፣ ሁለቱም ቀዳዳ ክፍት ሆኖ። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ በኃይል መናፈጥ ውሃውን ከነቆሻሻው ወደ ጆሮ ይገፋዋል። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን አዘንብላችሁ ድገሙት።

ሲያልቅ አትቸኩሉ። ጎንበስ ብላችሁ፣ ራሳችሁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበላችሁ ትንሽ ቆዩ። የተቋጠረ ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል። አንድ እሑድ ታጥቤ ወዲያው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ልሰግድ ጎንበስ ስል ከአፍንጫዬ ውሃ እንደ ቧንቧ ወረደ፣ ፊት ለፊቴ ያሉት እናት ነጠላ ላይ። ዞር አሉና ዓይኔን አይተው «አይዞህ ልጄ፣ አልቅስ» አሉኝ። ምን ልበል? አለቀስኩ።

መቼና ስንቴ?

በአለርጂው ሰሞን በቀን አንዴ ይበቃል፤ ሲብስ ሁለቴ። እኔ የምመርጠው ከውጪ ስገባ፣ ማታ ከመተኛቴ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ነው። ታጥቦ ወዲያው መተኛት የቀረው ውሃ ጉሮሮ ላይ እንዲንጠባጠብ ያደርጋል፣ ያስላል። ሰሞኑ ሲያልፍ ተዉት።

ሐኪም ያዘዘላችሁ የአፍንጫ ስፕሬይ ካለ፣ ለምሳሌ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን፣ መጀመሪያ ታጠቡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ስፕሬዩን። ተገላቢጦሽ ከሆነ መድኃኒቱን ራሳችሁ አጥባችሁ ታወጡታላችሁ። ስፕሬዩ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ፣ ዛይሎሜታዞሊን ዓይነቱ፣ ሌላ ነገር ነው። ከአምስት ቀን በላይ ከተጠቀማችሁት አፍንጫው እሱን ይለምድና ሲቀር ከበፊቱ ብሶ ይደፈናል።

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን? ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ ብናኙን ግን አያወጣም። በዚያ ላይ የፈላ ድስት ላይ ጎንበስ ብሎ የተቃጠለ ልጅ ስንት ነው።

ማን ይተወው?

ጆሮው የታመመ፣ በቅርቡ የአፍንጫ ወይም የፊት ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነስረው፣ መዋጥ የሚቸግረው፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ አፍንጫ ላይም በግድ አትግፉ። መመሪያ መከተል የማይችል ሕፃን አይገደድ።

ከ10 ቀን በላይ የቆየ የፊት ሕመምና ወፍራም ንፍጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከተዛባ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት አንገት ከማድረቅ ጋር ከመጣ ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቁ። ትንሽ ልጅ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካለው ሽምብራ ወይም ዶቃ ከቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አለርጂ አይደለም።

ዕቃው

ከተጠቀማችሁ በኋላ ጠርሙሱን በሳሙናና በተፈላ ውሃ እጠቡ፣ አራግፉ፣ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ አየር ላይ ይድረቅ። እርጥብ ጠርሙስ ክዳን ገጥሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ ማሳደግ ነው። በየሦስት ወሩ ገደማ ቀይሩት። ለሌላ ሰው አታውሱ፣ ለባልና ሚስትም ቢሆን።

የተረፈው የጨው ውሃ ተከድኖ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይደፋ። ላዩ ላይም ምን እንደሆነ ጻፉበት። እኔ ሳልጽፍበት ወጥ ቤት ትቼው እህቴ ለእንግዳ ቡና አፈላችበት። እንግዳው ከሜጫ የመጡ አጎታችን ነበሩ። ፉት አሉ፣ ዝም አሉ፣ ደገሙ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው «ተባረኪ ልጄ» አሏት፣ «ከተማ ገብቼ ቡና በጨው የሰጠችኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»